የጨርቅ ዳይፐር አስተጣጠብና አጠላለፍ፦ ከአዲስ ጨርቅ እስከ ማስጫ ገመድ

«እህቴ፣ በደንብ አጥቤው፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ልጁ አንዴ ሲሸናበት ለምን እንደዚያ ይሸታል?» ይህ ጥያቄ ሳያሰልስ ይደርሰኛል። ተከትሎት የሚመጣው ደግሞ «ዳር ዳሩን በቀይ ክር ጠለፍኩት፤ በመጀመሪያው እጥበት ሁሉም ሮዝ ሆነ» የሚለው ነው።

ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው። ሳሙና ቀንሱ፣ ማለቅለቂያ ውሃ ጨምሩ። ለሁለተኛው ደግሞ ጨርቁንም ክሩንም ከመጥለፋችሁ በፊት እጠቡ። ዝርዝሩ ረዘም ስለሚል አንድ ቦታ ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያ በቃላቱ እንግባባ። በየቤቱ ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው አቡጀዲ ወይም ፍላኔል በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ የሚያዘው የዱሮው ዓይነት ነው። ይህንን «ጨርቅ» እለዋለሁ። ሁለተኛው ከሱቅ የሚገዛው ነው፤ ውጩ ውሃ አያሳልፍም፣ ጠቅ በሚሉ ቁልፎች ይጠብባል ይሰፋል፣ ውስጡ ኪስ አለው። ውጩን «መሸፈኛ»፣ ኪሱ ውስጥ የሚገባውን «መምጠጫ» እላለሁ። ለየብቻ የምጠራቸው አያያዛቸው ስለሚለያይ ነው። ጨርቁ ቢቀቀልም ችግር የለውም፤ መሸፈኛው ግን ከፈላ ውሃ ጋር አይስማማም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለማጠብ፦
- ክዳን ያለው ባልዲ (ለቆሸሸው ማጠራቀሚያ)
- 2 ሳፋ፣ ለዳይፐር ብቻ የሚውል
- የጎማ ጓንት
- ዱቄት ሳሙና፣ ሽቶው ያልበዛ
- የሾርባ ማንኪያ (ሳሙና ለመለካት፣ ወደ ወጥ ቤት የማይመለስ)
- ለመቀቀያ የሚሆን አሮጌ ብረት ድስት
- ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ለስፌቱ መስመር
- ገመድና መቆንጠጫ

ለማሳመር፦
- የጥጥ የጥልፍ ክር፣ ጠላፊዎች «ዲኤምሲ» የሚሉት ዓይነት
- ቀጭን የጥልፍ መርፌ፣ መወጠሪያና ትንሽ መቀስ
- እርሳስ
- ቀለም ለመፈተሻ ነጭ ብጣሽ ጨርቅ

ብዛቱስ? አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ሊቀየርለት ይችላል። በየሁለት ቀኑ የምታጥቡ ከሆነ 24 ጨርቅ ይበቃል። ክረምት ላይ የሚወለድ ከሆነ ግን አስር ያህል ጨምሩ፤ የሐምሌ ዳመና ጨርቅ አያደርቅም።

አዲሱን ጨርቅ ማዘጋጀት

ይህን ክፍል የሚዘለው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ «ጨርቁ አይመጥም፣ ወዲያው ያፈሳል» የሚል ቅሬታ ይመጣል።

1. ሳትቆርጡት በፊት ሙሉውን ጣቃ እጠቡ። ጥጥ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች ይሰበሰባል። ቆርጣችሁና ቀምቅማችሁ ብታጥቡት አራት ማዕዘኑ ተጣሞ ይወጣል።

2. በሙቅ ውሃና በጥቂት ሳሙና እያጠባችሁ፣ በየመሀሉ እያደረቃችሁ ሦስት አራት ጊዜ ድገሙት። አዲስ አቡጀዲ ላይ ከፋብሪካው የመጣ ማጠንከሪያ ስታርች አለ፤ ጥጡም የራሱ የተፈጥሮ ቅባት አለው። ሁለቱም ውሃ ይገፋሉ። ለግማሽ ሰዓት ብትቀቅሉት ሥራው ያጥራል።

3. ፈትኑት። ደረቁ ጨርቅ ላይ በጣታችሁ አንድ ጠብታ ውሃ አሳርፉ። ጠብታው እንደ ዶቃ ክብ ብሎ ከቆመ ጨርቁ ገና ነው፤ ወደ ሳፋው ይመለስ። ወዲያው ሰርጎ ከተንጣለለ ደርሷል።

4. አሁን ቁረጡት። ለአብዛኛው ሕፃን 70 በ70 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጠርዙን ቀምቅሙት ወይም ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊ ጋ በኦቨርሎክ አሠሩት። ያልተዘጋ ጠርዝ ይተረተራል፤ የተተረተረ ክር ደግሞ ከታች የምነግራችሁ አደጋ አለው።

ማሳመር

ዳይፐር ላይ ጌጥ ሲሠራ አንድ ገደብ አለ። ጌጡ የልጁን ቆዳ አይነካም፣ የሚመጠውን ቦታ አይደፍንም፣ ተነቅሎም አፍ ውስጥ አይገባም። ከዚህ ውጪ እንደፈለጋችሁ ሁኑ።

ጌጥ ሥራም አለው። እኔ የምመክረው በጥልፍ ቀለም መለየትን ነው። ለምሳሌ ሰማያዊ ጥግ ያለው ወፈር ያለው የሌሊት ጨርቅ፣ አረንጓዴ የቀን፣ ቢጫ ደግሞ ለእንግድነት ስትወጡ ቦርሳ ውስጥ የሚገባው። በሌሊት እንቅልፍ እያንገላታችሁ ስትቀይሩ ጥቅሙ ይገባችኋል። ልጁን የምትይዝ ሞግዚት ወይም አያትም ሳትጠይቅ ታውቀዋለች።

1. ቦታ ምረጡ። ጨርቅ ከሆነ ከአራቱ ጥጎች አንዱ ላይ፣ ከጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ። ሲታጠፍ ወደ ውጭ የሚወጣው ጥግ የቱ እንደሆነ አንዴ አጥፋችሁ እዩ። መሀሉ ላይ ፈጽሞ አትጥለፉ። ክር የተጠቀጠቀበት ቦታ ሽንት በደንብ አይመጥም፣ ስስ ቆዳንም ይፍቃል።

2. ክሩን ፈትኑ። ከእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጣት የሚያህል ቁረጡ። በሙቅ ውሃና ሳሙና ነክራችሁ በነጩ ብጣሽ ጠቅልሉትና አጥብቃችሁ ጭመቁ። እንደተጠቀለለ አንድ ሰዓት ይቆይ። ነጩ ላይ ጥላ እንኳን ከታየ ክሩን ለሌላ ሥራ ተዉት። ቀይ፣ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግሩት ናቸው። ዳይፐር ደግሞ ከማንኛውም ልብስ ይልቅ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ለነጠላ የሚበቃ ክር እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

3. ንድፉን በእርሳስ፣ በስሱ ሣሉ። እስክሪብቶ አይሆንም፤ ቀለሙ ሲታጠብ ይሰራጫል። ንድፉ ከ4 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ትንሽ መስቀል፣ አበባ፣ የልጁ ስም የመጀመሪያ ፊደል ይበቃል።

4. የዲኤምሲ ክር ስድስት ነጠላ ክሮች አንድ ላይ የተገመዱበት ነው። ሁለቱን ብቻ ለዩና ጥለፉበት። ስድስቱን አንድ ላይ ብትጠቀሙ ጥልፉ ይጎረብጣል፣ ለመድረቅም ጨርቁ ደርቆ ካለቀ በኋላ ሌላ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ስፌቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አይርዘም። ሰንሰለት ስፌት ጥሩ ነው፤ እርስ በርሱ ስለሚያያዝ እጥበት ይችላል። ረጅም ጠፍጣፋ ስፌት ያምራል፣ ግን የልጅ ጣት ያጠምዳል።

5. ቋጠሮ አትቋጥሩ። መጀመሪያም መጨረሻም ላይ የክሩን ጫፍ ከጀርባ በኩል በአራት አምስት ስፌት ሥር አሳልፉና ቁረጡ። ቋጠሮ ቆዳ ላይ እንደ ጠጠር ይሰማል፤ በእጅ ሲታሽም ቀድሞ የሚላቀቀው እሱ ነው።

6. ለብቻው አንዴ እጠቡት፤ ሲደርቅ በጀርባው በኩል ተኩሱት። ጥልፍ በፊቱ ሲተኮስ ይደፈጠጣል።

ለመሸፈኛው ሌላ ዘዴ አለ። ውሃ መከላከያው ላይ መርፌ ከገባ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሽንት ይወጣል። ስለዚህ ጥልፉን ሌላ ብጣሽ የጥጥ ጨርቅ ላይ ሥሩና፣ ብጣሹን ከጀርባ ወገቡ ላይ፣ ላስቲኩ ቀድሞ በተሰፋበት መስመር ላይ ብቻ ያዙት። እዚያ ቀድሞም ቀዳዳ አለ፣ ሽንትም አይደርስበትም። ከሐበሻ ቀሚስ የተረፈ ጥለት ካላችሁ በዚሁ መንገድ ወገቡ ላይ ያምራል። ነገር ግን ጥለቱን እንደ ክሩ በሙቅ ውሃ ፈትኑት። ብልጭልጭ ክር ያለበትንም ተዉት፤ ይቧጭራል።

ዳንቴል የምትሠሩ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀዳዳው የልጅ ጣት የማያስገባ ይሁን። ወገብ ላይ እንጂ እግር ላይ አታድርጉት። እግር ላይ ያለ ዳንቴል ሽንቱን ከውስጥ እየሳበ ወደ ሱሪው ያወጣል።

የማይደረጉት እነዚህ ናቸው፦ ዶቃ፣ ጨሌ፣ ጌጠኛ ቁልፍ፣ በሙጫ የሚጣበቅ ነገር፣ በካውያ ተተኩሶ የሚለጠፍ ሥዕል። የመጀመሪያዎቹ ሲነቀሉ ልጅ ያንቃሉ። የመጨረሻው ደግሞ መሸፈኛውን ያቀልጠዋል።

ከተቀየረ በኋላ፣ ከመታጠቡ በፊት

የእጥበቱ ግማሽ ሥራ ያለው እዚህ ነው።

ሽንት ብቻ ከሆነ ጨርቁን ወዲያው በአንድ ጆግ ውሃ አለቅልቁና ጨምቁት፣ ባልዲው ውስጥ ክተቱ። ሽንት ሲቆይ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ዓይን የሚቆጠቁጠው ሽታ እሱ ነው።

ካካ ካለበት መጀመሪያ ወደ ሽንት ቤት አራግፉት። የተጣበቀውን በአሮጌ ማንኪያ ጥረጉ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። ያለቀለቃችሁበትንም ውሃ እዚያው ሽንት ቤት ድፉት። ግቢ ውስጥ ወይም ጎመኑ ሥር አይደፋ፤ የሕፃን ካካም እንደ አዋቂ ሰው በሽታ ያስተላልፋል። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካው ቀጭን ስለሆነ በውሃ ቶሎ ይለቃል። ምግብ ሲጀምር ግን የጥረጋው ሥራ ይጨምራል።

ባልዲው ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ለቀናት አትዘፍዝፉ። ቢበዛ አንድ ሌሊት ይበቃል። ከዚያ በላይ የቆየ ውሃ የባክቴሪያ ማራቢያ ይሆናል፣ ላስቲኩንም ያላላል። መሸፈኛው ጭራሽ መዘፍዘፍ የለበትም፤ ተለቅልቆ ለብቻው ይሰቀል።

በእጅ ማጠብ

በአንድ ሳፋ ከ10 እስከ 12 ጨርቅ ያህል እጠቡ። ከበዛ ውሃው መሀል አይገባም።

1. መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ ሳሙና። ጓንታችሁን አጥልቁና ጨርቆቹን ደፈቅ ደፈቅ እያደረጋችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ አገላብጡ። ውሃውን ድፉት። ካካ ውስጥ ፕሮቲን አለ፤ ሙቅ ውሃ ቀድሞ ካገኘው ጨርቁ ላይ ይበስልና እድፉ አልለቅም ይላል።

2. አጭር እጥበት። ለ10 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ሳሙና በጥብጡ። ሳሙናው ሟሙቶ ሳያልቅ ጨርቅ አታስገቡ። ያልሟሟ ፍሬ ስፌት ውስጥ ይቀመጥና ኋላ ቆዳ ያቃጥላል። ለአምስት ደቂቃ አሹ፣ ጨምቁ፣ ውሃውን ድፉ። ይህ ውሃ ጠቆር ብሎ ይወጣል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ አቁሞ ወደ ማለቅለቅ ሲሄድ ነው፤ ይህ እጥበት አብዛኛውን ሽንት ያወጣል እንጂ ጨርቁን አያጸዳም።

3. ዋናው እጥበት። እጃችሁ በጓንት የሚችለውን ያህል ሙቅ ውሃ፣ ለ10 ሊትር አንድ የሾርባ ማንኪያ ሳሙና። ጨርቆቹን አስገብታችሁ 20 ደቂቃ ተዉዋቸው። ሳሙናው ሥራውን የሚሠራው በዚህ ጊዜ ነው፤ ቡናችሁን ጠጡ። ከዚያ እያንዳንዱን አንሥታችሁ የመሀሉን ክፍል በሁለት መዳፍ መሀል አሹ። ስፌቱን በጥርስ ብሩሹ ፈትጉት። ጥልፍ ያለበትን ጥግ አትፈትጉት፤ ሳሙናማ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ለቀቅ ማድረግ ይበቃዋል።

4. ጨምቃችሁ አለቅልቁ፣ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው በአዲስ ውሃ። በየመሀሉ መጭመቁ ግዴታ ነው። ሳይጨመቅ ወደ አዲስ ውሃ የገባ ጨርቅ የሳሙናውን ውሃ ይዞ ይሻገራል፤ ሦስት ጊዜ ቢለቀለቅም አንድ ጊዜ እንደተለቀለቀ ነው።

5. ፈትሹ። የመጨረሻውን ውሃ በብርጭቆ ቅዱና በመዳፋችሁ ከድናችሁ ነቅንቁት። አረፋው ወዲያው ከጠፋ ጨርሳችኋል። ዳር ዳሩን ይዞ ከቆየ አንድ ውሃ ይቀራል። አንዴ ከለመዳችሁ በመዳሰስም ታውቁታላችሁ፤ ሳሙና የያዘ ጨርቅ ጣት መሀል ያሟልጫል፣ የጠራው ግን ቆንጠጥ ይላል።

6. ጨርቁን ጠምዝዛችሁ ጨምቁ። መሸፈኛውን ግን አትጠምዝዙ፤ በሁለት መዳፍ ተጫኑት። ሲጠመዘዝ የውስጡ ስስ ሽፋን ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ማፍሰሱን አያቆምም።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣላችሁ፦ ሦስተኛው የማለቅለቂያ ውሃ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። በጀሪካን አስቀምጡትና በማግሥቱ ለቁጥር 1 ተጠቀሙበት። ከሱ በፊት ያሉትን ግን አትመልሱ። ውሃ አነሰ ብላችሁ የምትቀንሱት ነገር ካለ ሳሙናውን ቀንሱ፣ ማለቅለቁን አትንኩ።

ሳሙና አረፋ አልሰጥ የሚልበት አገር ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የድሬዳዋ ሰው ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ውሃ ደረቅ ሳሙና ከውሃው ማዕድን ጋር ተገናኝቶ ሞራ የመሰለ ነገር ይሠራል፤ ጨርቁም ይደርቃል፣ ይገረጣል፣ መምጠጥ ያቆማል። እዚያ ዱቄት ሳሙና ይሻላል፤ መጠኑንም በትንሹ ከፍ ማድረግ ይቻላል። የብርጭቆው ፈተና ግን ይቀጥላል።

መቀቀል

በየእጥበቱ አያስፈልግም። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ ወይም ልጁ ተቅማጥ ሲይዘው፣ ወይም በሐኪም የታየ የፈንገስ ሽፍታ ሲኖርበት በቂ ነው። የታጠበውን የጥጥ ጨርቅ ያለ ሳሙና ለ10 ደቂቃ ማፍላት ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ደቂቃውን ብቻ አታሳጥሩ። ቆሻሻውን ሳታጥቡ አትቀቅሉ፤ እድፉን ታበስሉታላችሁ። መሸፈኛ፣ ላስቲክ ያለው ነገርና ቀለሙ ያልተፈተነ ጥልፍ ድስቱ ውስጥ አይገቡም።

ማስጣት

ጨርቁን ፀሐይ ላይ፣ ገመድ ላይ፣ አንድ በአንድ ዘርግታችሁ። እድፍ የቀረበትን እርጥብ እንዳለ እድፉን ወደ ፀሐይ አዙሩት። ፀሐይ እርጥብ ጨርቅ ላይ ያለውን ቢጫ እያነጣች ትሄዳለች፤ አንዴ ከደረቀ በኋላ ሥራዋ ይቀንሳል። ስለዚህ እድፉ ካልለቀቀ እንደገና አርጥባችሁ መልሱት። ብዙ ሰው በዚህ ፋንታ በረኪና ያነሣል፤ አያስፈልግም። ጥልፍ ያለበትን ግን ጀርባውን አውጥታችሁ ስጡት፤ ያው ፀሐይ ክሩንም ታነጣዋለች።

መሸፈኛውን ጥላ ላይ፣ ነፋስ ባለበት። ላስቲኩ ከገመዱ ጋር አግድም ይሁን። ተንጠልጥሎ በክብደቱ ከተጎተተ ይላላል።

ሣር ላይ፣ ቁጥቋጦ ላይ ወይም መሬት ላይ አታስጡ። ከአቧራውና ከጉንዳኑ ሌላ፣ በአፍሪካ ሞቃትና እርጥበት ባለባቸው አካባቢዎች እርጥብ ጨርቅና አፈር ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች። ትሏ ቆዳ ውስጥ ገብታ እብጠት ታወጣለች። እንዲህ ባለ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ጨርቁን ሁለቱንም ፊት በደንብ በጋለ ካውያ ተኩሱ፤ ስፌቱን አትርሱ። መሸፈኛው ስለማይተኮስ ቤት ውስጥ ይድረቅ።

ክረምት ላይስ? የተጨመቀውን ጨርቅ በደረቅ ፎጣ ጠቅልላችሁ ቁሙበት፤ ፎጣው ብዙ ውሃ ይጠጣል። ከዚያ ቤት ውስጥ፣ በየጨርቁ መሀል አንድ መዳፍ የሚያህል ክፍተት ትታችሁ፣ መስኮት ከፈት አድርጋችሁ ስቀሉ። ሲያልቅ በካውያ ጨርሱት። ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ክፍል አታድርቁ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ሕፃን የተኛበት ክፍል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አታጥፉ። ዳሩ ደርቆ ስፌቱና ጥልፉ እርጥብ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጉንጫችሁ ላይ አድርጉት፤ ከቀዘቀዘ አልደረቀም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

ልብስ ማለስለሻ መጨመር። ጨርቁ ለእጅ ይለሰልሳል፣ ግን እያንዳንዱን ክር በስስ ቅባት ይሸፍነዋል። ሽንት ላዩ ላይ ይንሸራተትና በጎን ይወጣል። ጨርቁ ድርቅ ካለባችሁ ከገመድ ስታወርዱት በሁለት እጅ አሹት፣ ይበቃዋል።

ቫዝሊን መቀባትና ወዲያው ጨርቁን ማሰር። ያው ነው፤ ቅባቱ ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። ቅባት ግድ ሲሆን በመሀል የአንድ መዳፍ ስፋት ያለው አሮጌ የጥጥ ብጣሽ አንጥፉ። ያ ብጣሽ ለብቻው ይታጠባል።

ከሌላ ልብስ ጋር መቀላቀል። የአባቱ ጂንስ ቀለም፣ የፎጣው ጥጥ፣ ሁሉም ጨርቁ ላይ ያርፋል። (አባትየው ራሱ ሳፋው ላይ ቢቀመጥ ግን ችግር የለውም፤ መመሪያው ለሱም ይሠራል።)

ጠቅ የሚሉትን ቁልፎች ሳይዘጉ፣ ቬልክሮ (ሲጫኑት የሚጣበቅ ሻካራ ማሰሪያ) ያለውን ሳያጣብቁ ማጠብ። ክፍት ቬልክሮ ጥልፍ ያገኘ እንደሆነ ክሩን እየነቀሰ ያወጣዋል። ጥልፋችሁ ጸጉር ካወጣ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

መምጠጫውን ከኪሱ ሳያወጡ ማጠብ። መሀሉ አይታጠብም፣ አይደርቅምም።

የሚሸተውን ጨርቅ መመለስ

አሁን ወደዚያ ጥያቄ። ታጥቦና ደርቆ የማይሸት፣ ሽንት ሲነካው ግን ወዲያው የሚሸት ጨርቅ ውስጡ አሮጌ ሳሙናና አሮጌ ሽንት ይዟል። ሳሙናው ቆሻሻውን አጣብቆ አስቀርቶታል፤ ስትጨምሩበት ይብስበታል።

1. ንጹሑን ጨርቅ ያለ ምንም ሳሙና ሙቅ ውሃ ውስጥ አስገቡና አሹ። አረፋ ሲወጣ ታያላችሁ። ያ አረፋ የዛሬ አይደለም።
2. ጨምቁ፣ ውሃውን ቀይሩ፣ ድገሙ። የብርጭቆው ፈተና ላይ አረፋ እስኪጠፋ ድረስ።
3. የጥጥ ጨርቁን ለ10 ደቂቃ ቀቅሉት።
4. ፀሐይ ላይ አድርቁና ከዚያ በኋላ በልኩ ሳሙና ቀጥሉ።

ከዚህም በኋላ ከሸተተ ችግሩ ያለው ከእጥበቱ በፊት ነው። ምናልባት የሽንቱ ጨርቅ ሳይለቀለቅ ሁለት ቀን ባልዲ ውስጥ ይቆያል።

ጥንቃቄ

- በረኪናን ሽንት ባለበት ጨርቅ ላይ አታድርጉ። ሽንት ውስጥ ያለው አሞኒያ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ከሎሚና ከአቼቶም ጋር አይቀላቀልም። የግድ ካስፈለገ ታጥቦ በተለቀለቀ ነጭ ጥጥ ላይ ብቻ፣ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ደጅ ሆናችሁ። ከዚያ በደንብ ይለቅለቅ። ጥልፍ ያለበት ላይና መሸፈኛ ላይ አይሆንም።

- የዳይፐሩን ውስጥ ሳታዩ አታልብሱ። የተፈታ ክር ወይም የሰው ጸጉር የልጅ እግር ጣት ወይም ብልት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያቆም ይችላል። ልጅ ምክንያቱ ሳይታወቅ አልቅሶ አልተው ካለ ፈታችሁ እዩ። የተጠመጠመ ክር አግኝታችሁ ማውጣት ካቃታችሁ ወይም ጣቱ ካበጠ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

- ውሃ ያለበት ባልዲ ወይም ሳፋ፣ ጥልቀቱ ትንሽ ቢሆንም፣ መዳህ የጀመረ ልጅ ሊሰጥምበት ይችላል። ማጠብ ስትጨርሱ ድፉት፤ መሀል ላይ በር ቢንኳኳ እንኳን ልጁን ይዛችሁ ሂዱ።

- መርፌ ቁልፍ ስታስሩ ሁለት ጣታችሁን በጨርቁና በልጁ ቆዳ መሀል አስገቡ። ቢስት የሚወጋው እናንተን ይሁን። ዝገት የጀመረውን ጣሉት፤ ዝገቱ ጨርቁም ላይ አይለቅም።

- ልጁን ከሁለት ሦስት ሰዓት በላይ በረጠበ ጨርቅ አታቆዩት። ካካ ካለበት ወዲያው። ሽፍታው በሦስት ቀን ካልቀነሰ፣ ከቆሰለ፣ ወይም እጥፋቱ ውስጥ ደማቅ ቀይ ሆኖ ዙሪያው ነጠብጣብ ካወጣ የእጥበት ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ አሳዩት።

ለሚቀጥለው ልጅ ማስቀመጥ

ልጁ ከዳይፐር ሲወጣ ጨርቆቹን አንዴ ቀቅላችሁ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ አስመታችሁ፣ በጥጥ ትራስ ልብስ ውስጥ አስቀምጡ። በፌስታል አትቋጥሩ፤ የቀረች ትንሽ እርጥበት ሻጋታ ታመጣለች። መርፌ ቁልፎቹን አውጡ። የመሸፈኛውን ላስቲክ ሳትወጥሩ ዘርጉት። ብል እንዳይበላው ብላችሁ ናፍታሊን አትጨምሩ። ሽታው ጨርቅ ውስጥ ይቀራል፤ አንዳንድ ሕፃናት ላይ ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳትን ይሰብራል። ብል ጥጥን ብዙም አይነካም፤ የደረቀና የታጠበ ከሆነ ያለ ምንም ነገር ይቆያል። እንደገና ስታወጡት ጠብታ ውሃውን ፈትኑ፤ ጠብታው ክብ ብሎ ከቆመ አንድ ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ጀምሩ።